የእጣቢ ውሃና የእንጉዳይ ክር

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ ጧት በቤታችሁ ልብስ ታጥቦ እንደ ሆነ፣ ከሳፋው የተደፋው ውሃ የት ገባ ብዬ ብጠይቃችሁ ብዙዎቻችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። «ወደ ቦዩ ነዋ!» ትሉኛላችሁ። ቦዩስ ወዴት ይወስደዋል? ወደ ጎረቤት ደጅ፤ ከጎረቤት ደጅ ወደ መንገድ፤ ከመንገድም ወደ ወንዝ። ነገሩ በዚህ አያበቃም። በአዲስ አበባ ወንዞች ውሃ በቄራና በአቃቂ በኩል ለብዙ ዘመን ጎመንና ቆስጣ ሲለማበት ኖሯል። ስለዚህ ከደጃችን ያባረርነው እጣቢ ጥቂት ሰንብቶ በጎመን ቅጠል ላይ ሆኖ በገበያ ዘንቢል ወደ ቤታችን የተመለሰበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህ እንዲህ ሳለ በዚያው ግቢ ሌላ ችግር አለ። በበጋ ወራት ቧንቧው በፈረቃ ይመጣል፤ ባልመጣበት ቀን እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን ተሸክመው ይመላለሳሉ፤ በአጥሩ ጥግ የተተከለችው ሙዝም ቅጠሏን ጥላ ትታያለች። ለአንድ ቀን የልብስ አጠባ ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዝ አምስት ጀሪካን ቢያልቅ መቶ ሊትር ነው። ያን ሁሉ ውሃ በወገብ ተሸክሞ አምጥቶ፣ አንድ ጊዜ ተጠቅሞበት በድንጋይ ንጣፍ ላይ ማፍሰስ፣ የተሸከመውን ሰው ድካም እንደ መድፋት ይቈጠራል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ታዲያ አንድ ወሬ ከአገር ወደ አገር ይናፈሳል። ወሬውም፤ የእንጨት ስንጣሪ በጉድጓድ ሞልታችሁ፣ የእንጉዳይ ዘር ዘርታችሁበት፣ የቤታችሁን እጣቢ ብታፈሱበት፣ እንጉዳዩ ቆሻሻውን በልቶ፣ ጀርሙን ገድሎ፣ ለአትክልት የሚሆን ንጹሕ ውሃ ይሰጣችኋል የሚል ነው። ያማረ ወሬ ነው። ያማረ ወሬ ደግሞ ከሌላው ይልቅ መመርመር ይገባዋል፤ ነገሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በመጀመሪያ የሚታመሙት በግቢው ውስጥ እየዳሁ አፈር የሚቀምሱት ሕፃናት ናቸውና።

ፈንገስ የሚባለው ፍጥረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእንጀራውን ሊጥ ከሚያቦኩት ከእርሾው ጥቃቅን ነፍሳት መካከል ፈንገስ አለበት፤ ጠላውንና ጠጁንም የሚያፈላው እርሱ ነው። በቆየ ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ ክረምት ሲገባ በፍግ ክምር አጠገብ ጃንጥላውን ዘርግቶ የምናገኘው እንጉዳይ፣ ሁሉም የአንድ ነገድ ልጆች ናቸው። ደገኛው እንጉዳይን በጥርጣሬ ዐይን ያያል፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ማጃንጎች ግን የሚበላውን ከማይበላው ለይተው፣ ስም አውጥተውለት፣ ከጫካ እየለቀሙ ይመገቡታል። ይህ ራሱን የቻለ ጨዋታ ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ከምድር በላይ የምናየው ጃንጥላ ግን ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል ከታች ተሰውሮ የሚኖር ክር ነው። የበሰበሰ ግንድ ገልበጥ ብታደርጉ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ሆኖ በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ሲርመሰመስ ታዩታላችሁ። እያንዳንዱ ክር ከአንድ ሚሊሜትር ተከፍሎ ጥቂት ሺኛ እጅ ብቻ የሚወፍር ነው፤ ለብቻው በዐይን አይታይም። ሆድ የለውም። እኛ ምግባችንን ወደ ሆዳችን አስገብተን እንፈጫለን፤ እርሱ ግን ኤንዛይም የሚባለውን ነገር ወደ ውጭ አፍልቆ፣ ምግቡን እዚያው ባለበት አልሞ፣ የሟሟውን ይመጥጣል። ወፍጮውን ከቤቱ ውጭ የተከለ ሰው በሉት። በደጁ የሚያልፍ ሌላ እህልም በዚያው ወፍጮ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል፤ የነገሩ ሁሉ ምሥጢር ይኸው ነው።

እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው። አሠራሩ እጅግ የተወሳሰበ በመሆኑ ከፍጥረት ወገን በሚገባ ሊያፈርሱት የቻሉት ከሁሉ ይልቅ የእንጨት ፈንገሶች ናቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚሠሩ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ፋኔሮኬቴ በሚባል ፈንገስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራውን ኤንዛይም አገኙት። ከሁለት ዓመት በኋላም፣ በ1985፣ ይኸው ፈንገስ ዲዲቲን የመሰለ፣ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ሳይጠፋ የሚቀመጥ መርዝ እንኳ ሊሰብር እንደሚችል «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ታተመ። ሊግኒንን የሚያፈርሰው መሣሪያ ለአንድ በር ብቻ የተቀረጸ ቍልፍ አይደለም፤ መዶሻ ነው፤ ያገኘውን ይመታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን በ1984 የተገለጠው ነገር ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚበላው ኦይስተር የተባለው እንጉዳይ በእንጨት ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ትሎች በመርዝ አደንዝዞ፣ ክሩን ወደ ሰውነታቸው ሰዶ እንደሚበላቸው ታወቀ። እንጨት ብዙ ናይትሮጅን የለውምና ሥጋ ፍለጋ ወጣ ማለት ነው! ለጾም ወጥ የምናዘጋጀው እንጉዳይ ራሱ ጾም የማያውቅ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «ከሆነስ እጣቢያችንን ለምን አያጣራልንም?» ማለቱ አይቀርም። አስቀድሞ ይህን ብሎ በሥራ የሞከረው ስሙ የታወቀው ፖል ስታሜትስ የሚባል አሜሪካዊ የእንጉዳይ አርቢ ነው። ይህ ሰው በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በባሕር ዳር የእርሻ ቦታ ነበረው። በ2005 ባወጣው «ማይሲሊየም ራኒንግ» በተሰኘው መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ ከእርሻው ወደ ባሕሩ የሚወርደው ውሃ የከብት እዳሪ ጀርም በዝቶበት ስለ ተገኘ፣ በውሃው መውረጃ ላይ የእንጨት ስንጣሪ አንጥፎ ስትሮፋሪያ የተባለውን ትልቅ ቀይ እንጉዳይ ዘራበት። ከዚያ በኋላ ሲለካ ጀርሙ መቶ እጥፍ ቀንሶ አገኘሁት ይላል። በዓለም የሚናፈሰው ወሬ አብዛኛው ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነው።

ነገር ግን እናስተውል። የአንድ ሰው እርሻ ነው፤ እንጉዳይ የሌለበት ተመሳሳይ መደብ በአጠገቡ ተሠርቶ አልተነጻጸረም። የጠራው እንጉዳዩ ይሁን እንጨቱ፣ ወይስ የዝናቡ ማነስ፣ በምን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስታሜትስ ራሱ ያለበት የተመራማሪዎች ቡድን ነገሩን በላቦራቶሪ መረመረው። ከከተማ መንገድ የሚወርድ የጎርፍ ውሃ አስመስለው፣ ኢ. ኮላይ የሚባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ጨምረው፣ እንጉዳይ በተዘራበትና ባልተዘራበት የእንጨት ስንጣሪ ውስጥ አሳለፉት። ውጤቱም በ2015 ታተመ። ክሩ ጠንካራ በሆነ ጊዜ እንጉዳይ ያለበት መደብ ከሌለበት ይልቅ ሃያ በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ባክቴሪያ አስቀረ።

ከመቶ እጥፍ ወደ ሃያ በመቶ! ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ወሬው ውሸት ነበር» ብሎ ነገሩን ሊጥለው ይችላል። እኔ ግን እንዲህ አላይም። ሃያ በመቶ ከምንም ይሻላል፤ ደግሞም ያለ እንጉዳይ የእንጨቱ መደብ ራሱ የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። የሳሙናው ቅሪት፣ የወጡ ቅባት፣ የምግቡ ፍርፋሪ በስንጣሪው ላይ ይያዛል፤ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይበሉታል፤ የእንጉዳዩ ክርም እንጨቱን እየቦረቦረ አየር የሚገባበትን መንገድ ይከፍትላቸዋል፤ የቀረው ወደ አፈርነት ይለወጣል። ጀርሙን በተመለከተ ግን ስሌቱን እንሥራው። በአንድ ብርጭቆ እጣቢ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢኖርና መደቡ ከመቶ ዘጠናውን ቢያስቀር፣ መቶ ሺው አልፎ ይወጣል። መቶ ሺ ጀርም ያለበትን ውሃ በሰላጣ ቅጠል ላይ የሚረጭ ሰው «እንጉዳይ አጣርቶልኛል» ቢል ማንም አይድንም።

የሥነ ሕይወት አስተማሪ ስለ ሆንኩ ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ለማሳየት ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ቈርጬ፣ በአንደኛው ባዶ ጭድ፣ በሁለተኛው የኦይስተር ክር የወረሰው ጭድ ሞላሁና የሳህን እጣቢ አፈሰስንባቸው። ከሁለቱም የወጣው ውሃ እንደ ሻይ የጠቆረ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ «ጭራሽ አቆሸሸው!» አሉ። ያ ቀለም ግን ከጭዱ የወጣ ነው፤ ከአዲስ እንጨትም እንዲሁ ይወጣል፤ ከጊዜ በኋላ ይጠራል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ «ታዲያ ነጭ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ንጹሕ ነው ልንል ነበር?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀም። ዐይን የውሃን ቀለም እንጂ ጀርሙን አያይም።

ስለዚህ ጥያቄውን ማዞር ይገባል። ውሃውን አጥርቶ ወደ ባልዲ መመለስ ከሆነ የምንፈልገው፣ የእንጉዳይ መደብ ለዚህ አይታመንም። ውሃውን ሰው ሳይነካው፣ ሕፃን ሳይጫወትበት፣ ዝንብ ሳያርፍበት ከመሬት በታች ወደ ዛፍ ሥር ማድረስ ከሆነ ግን፣ እርሱን የመሰለ ርካሽ ረዳት አይገኝም። ቀሪውን ጀርም አፈሩ ራሱ ይጨርሰዋል፤ በአፈር ውስጥ ያለው ረኃብ፣ ድርቀትና ጠላት ለአንጀት ባክቴሪያ የሚመች ኑሮ አይደለምና።

የእጣቢ ውሃን በአትክልት መጠቀም በአገራችንም በደንብ ተሞክሯል። ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ሮዛ የተባለው ፕሮጀክት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ አንዳንድ ከተማ መርጦ ሲሠራ፣ ከኢትዮጵያ የተመረጠችው አርባ ምንጭ ነበረች። በዚያ በየግቢው የእጣቢ ማማ ተሠራ። ይኸውም በእንጨት ምሰሶዎች ተደግፎ የቆመ ጆንያ ሲሆን፣ በመካከሉ የጠጠር ዐምድ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፤ በዙሪያው አፈርና ፍግ ይሞላል፤ በጆንያው ጎን በተቀደዱት ቀዳዳዎች እንደ ቆስጣና ቲማቲም ያሉ አትክልቶች ይተከላሉ። እጣቢው በላይ በጠጠሩ ላይ ይፈስሳል፤ ቅጠሉን ሳይነካ ወደ ሥሩ ይሰርጋል። ማንም እንጉዳይ አልዘራበትም። ሆኖም ፍግ ያለበት አፈር ፈንገስ የሌለበት ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ሳይጠሩት መጥቶ ከሠራተኞቹ አንዱ ሆኗል ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ለአንድ ቤተ ሰብ ሙዝ ወይም ጌሾ ከተተከለበት አጠገብ፣ በስተላይ በኩል፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር የሚያህል ጉድጓድ ይቈፈራል። ከውሃ ጕድጓድና ከምንጭ እጅግ የራቀ ይሁን። ከታች አንድ ስንዝር ጠጠር፤ ከዚያ በላይ እስከ አፉ ድረስ የእንጨት ስንጣሪ ይሞላል። ከአናጢ ቤት የሚገኘው ሰጋቱራ ብቻውን አይሆንም፤ እንደ ሊጥ ይጣበቅና አየር ይከለክላል። ስንጣሪው ይብዛ፤ ሰጋቱራው በመጠኑ ይቀላቀል። የጥድ እንጨት አትድከሙበት፤ ምስጥና ብስባሽ የማይደፍረው በመሆኑ ለአጥር የምንመርጠው እንጨት ለፈንገስም አይመችም። ባሕር ዛፍ ቢሆን ዘይቱ እስኪወጣለት ድረስ አንድ ክረምት ዝናብ ይምታው።

ዘሩን መግዛት ግድ አይደለም። ኦይስተር እንጉዳይ አርብተው የሚሸጡ ሰዎች በየከተማው እየበዙ ሄደዋል፤ እነዚህ ሰዎች ፍሬውን ለቅመው ከጨረሱ በኋላ ጭዱን በየከረጢቱ ይጥሉታል። በዚያ ጭድ ውስጥ ክሩ ገና በሕይወት አለ። ሁለት ሦስት ከረጢት ለምናችሁ አምጡና ከስንጣሪው ጋር ንብር በንብር እያደረጋችሁ ቅበሩት። ከዚያ ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ያህል እጣቢ አታፍሱበት፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ እየረጫችሁ እርጥብ አድርጋችሁ ጠብቁት። ስንጣሪውን ገለጥ ስታደርጉ ነጭ ድር ሲያያይዘው ካያችሁ፣ የእንጉዳይና የዱር ሽታ ከሸተታችሁ፣ ሥራው ተጀምሯል።

ሲጀመር በጥቂቱ ይሁን። ክሩ እንደ እኛ አየር ይተነፍሳል፤ ጉድጓዱ ሌትና ቀን ውሃ ከቆመበት ሰምጦ ይሞታል፤ ወዲያው የበሰበሰ እንቍላል የመሰለ ሽታ ይነሣል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ጉድጓድ ሠርቶ በፈረቃ ማፍሰስ ነው፤ ፈረቃን እንደ ሆነ ከቧንቧችን በሚገባ ተምረናል። እጣቢውን በበርሜል አጠራቅሞ ማሳደርም ጥሩ አይደለም። ከአንድ ቀን በላይ የቆየ እጣቢ ጀርሙ ተራብቶ ሽታው ከሽንት ቤት አይለይም፤ ስለዚህ በዕለቱ ይፍሰስ።

ወደ ጉድጓዱ የማይገባው ነገር መጠንቀቅ የሚያሻው ዋናው ጉዳይ ነው። የመጸዳጃ ቤት ውሃ ፈጽሞ አይግባ፤ የሕፃን የሽንት ጨርቅ የታጠበበትም እንዲሁ። በረኪና የገባበት ውሃ ከእንጉዳዩ ይራቅ፤ ጀርም እንዲገድል የተሠራ ነገር ክሩንም አይምርም። እጣቢ ያጠብንበትን መድኀኒት ይዞ እንደሚወርድ በአገራችን ዶክተር አክሊሉ ለማ ማስተዋላቸውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ከዚህም ተነሥተው ያደረጉት ምርምር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተካፋይ አድርጓቸዋል። እንዶድ የገደለው የበሽታ ተሸካሚን ነበር። የእኛ በረኪና ግን መርጦ አይገድልም።

የዱቄት ሳሙናም ሌላ ችግር አለበት። ሶዲየም የሚባለው ጨው በብዙዎቹ ውስጥ አለ፤ እንጉዳዩ አይበላውም፤ እንጨቱም አይዘውም፤ ተጠራቅሞ የጭቃ አፈርን ይደፍነዋል። የቅጠል ጠርዝ እሳት እንደ ላሰው ሲደርቅ ካያችሁ የጨው ምልክት ሊሆን ይችላል። አቮካዶ ጨው አይወድም፤ ሙዝና ጌሾ ይሻላሉ። በተቻለ መጠን ጥቂት ሳሙና፣ ከዱቄቱም ይልቅ ደረቁ ሳሙና ይሁን፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጉድጓዱን ለዝናቡ ትታችሁ ጨውን እንዲያጥበው አድርጉ።

ጥሬ የሚበላ ቅጠል፣ ካሮትና ቀይ ሥር የመሰለውንም በዚህ ውሃ አታጠጡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ስለ እጣቢ ባወጣው መመሪያ ዋናው አሳብ አንድ መከላከያ ብቻ አይበቃም፤ መከላከያ በመከላከያ ላይ ይደረብ የሚል ነው። የእንጉዳዩ መደብ አንዱ ነው፤ አፈሩ ሁለተኛው፤ ፍሬው ከምድር ርቆ የሚያፈራ ተክል መምረጥ ሦስተኛው፤ እጅ መታጠብም አራተኛው ይሁን።

በመደቡ ላይ እንጉዳይ ቢበቅልስ? አንዳንድ ጊዜ ይበቅላል፤ ያማረ ሆኖም ይታያል። አትብሉት። ከእጣቢው ውስጥ እንደ ካድሚየም ያለ ከባድ ብረት ቢኖር እንጉዳይ በአካሉ የማከማቸት ጠባይ አለው፤ ከዚህም ሌላ ሳይዘራ ከአየር መጥቶ የበቀለው መርዘኛ እንጉዳይ ከዘራነው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ልጆች እንዳይለቅሙት በማለዳ ነቅሎ እዚያው በስንጣሪው ውስጥ መቅበር ይሻላል።

ከአንድ ዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ስንጣሪው ጎድሎና ጠቁሮ በእጅ ሲይዙት እንደ ቡና አተላ የሚፈርስ ይሆናል። ያን ጊዜ ተቈፍሮ ይወጣና በሙዙ ሥር በአፈር ተሸፍኖ ይቀበራል፤ በጉድጓዱም አዲስ ስንጣሪ ይሞላል። ሁሉንም ግን አታውጡት። ነጭ ድር ያለበትን ጥቂት እፍኝ ከታች አስቀሩለት፤ ሊጥ ስታቦኩ ከአሮጌው እርሾ እንደምታስቀሩት ሁሉ፣ አዲሱን እንጨት የሚወርሰው እርሱ ነው።